የአንድ እናት ልጆች፦ የ1970ው የበቆሎ ቅጠል አድርቅና ወደ እኛ የሚዞረው ጥያቄ

በ1969 የአሜሪካ ገበሬ ከአንድ ሄክታር በአማካይ 54 ኩንታል ያህል በቆሎ አፍሶ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ጎተራ የገባው 45 ኩንታል ሆነ። ማዳበሪያው አልተቋረጠም፣ ትራክተሩም አልቆመም። ከአገሪቱ የበቆሎ ምርት 15 በመቶ ያህሉን የወሰደው በዓይን የማይታይ ፈንገስ ነው፤ የጉዳቱ ግምት ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር ደርሷል።

ፈንገሱ አዲስ አልነበረም። ባይፖላሪስ ማይዲስ የሚባለው ይህ የቅጠል አድርቅ በሽታ አምጪ በደቡባዊው የአሜሪካ ክፍል ለረጅም ዘመን ኖሯል፤ ገበሬውም ከነጉዳቱ ችሎት ኖሯል። በቅጠሉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይጥላል፣ ጥቂት ምርት ይቀንሳል፣ ያልፋል። ስለዚህ መመርመር ያለበት ፈንገሱ ከየት መጣ የሚለው ሳይሆን፣ እንደ ጎረቤት የታወቀው በሽታ በአንድ ክረምት እንዴት ወራሪ ሊሆን ቻለ የሚለው ነው። መልሱ ያለው በዘር ማምረቻው ማሳ ውስጥ ነው፤ ወደዚያ እንሂድ።

በቆሎ ወንዴውንና ሴቴውን አበባ በአንድ አገዳ ላይ ለያይቶ ይይዛል። ወንዴው ከአናቱ ላይ ይቆማል፤ ሴቴው ከወገቡ ላይ ጺሙን አውጥቶ ብናኝ ይጠብቃል። ዲቃላ ዘር የሚያመርት ሰው ሁለት ዝርያዎችን በመስመር ጎን ለጎን ይዘራና እናት እንድትሆን ከመረጣት ላይ ወንዴውን አበባ ይነቅላል፤ ያን ጊዜ ጺሟ ላይ የሚያርፈው የአባትየው ብናኝ ብቻ ይሆናል። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ነቃዩ ጠል ሳይደርቅ ማሳ ይገባል፣ በአንድ እጁ አገዳውን ይይዛል፣ በሌላው ከቅጠሉ ጥቅል ውስጥ ብቅ ያለውን አበባ ጨብጦ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ይስባል። አጣሞ ከሳበው አበባው ይቆረጥና የቀረው ጉቶ ብናኝ ያራግፋል። ቸኩሎ ከነቅጠሉ ከነቀለው ደግሞ አገዳው የሚመገብበትን ያጣና ፍሬው ይቀጭጫል። አገዳው ሁሉ በአንድ ቀን ስለማያብብ እዚያው መስመር ላይ ደጋግሞ መመላለስ ግድ ነው። የበቆሎ ቅጠል ጠርዝ ደግሞ ክንድ ይልጣል።

አሜሪካ ውስጥ ይህን ሥራ በየክረምቱ የሚሠሩት በአብዛኛው ወጣቶች ነበሩ፤ ለዘር ኩባንያዎችም ትልቅ ወጪ ነበር። በ1940ዎቹ ቴክሳስ ውስጥ ጎልደን ጁን ከተባለ ዝርያ ወንዴ አበባው ብናኝ የማያወጣ በቆሎ ሲገኝ እፎይታው ትልቅ የሆነው ለዚህ ነው። መካንነቱ ያለው በኒውክለሱ ሳይሆን በሳይቶፕላዝሙ ውስጥ ስለሆነ፣ የሚወረሰው በእናት በኩል ብቻ ነው። የቴክሳሷን እናት የያዘ ሰው ነቃይ አያስፈልገውም። ገበሬው ማሳ ላይ ግን ብናኝ የግድ ነውና፣ በአባት በኩል መካንነቱን የሚሽር ዘረመል እንዲገባ ተደረገ። ብልህነቱን አለማድነቅ አይቻልም። በ1970 በአሜሪካ ከተዘራው ዲቃላ በቆሎ 85 በመቶ ያህሉ ይህችኑ የቴክሳስ እናት ይዞ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። የዚያ ዘመን ገበሬ አንድ ዓይነት በቆሎ ብቻ ዘርቶ አልነበረም። በገበያው ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ የዝርያ ስሞች ነበሩ፤ የአገዳቸው ቁመት፣ የሚደርሱበት ጊዜ፣ የፍሬያቸው ቅርጽ ይለያያል። ካታሎግ የሚያገላብጥ ሰው ብዝኃነት ያያል። ልዩነቱ ግን በኒውክለስ ውስጥ ባለው ዘረመል ነበር፤ ከእናት የሚመጣው ሳይቶፕላዝም ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ስም ቆጥረው ተዘናጉ።

ማስጠንቀቂያው አልጠፋም። ፊሊፒንስ ውስጥ በ1961 የቴክሳስ ሳይቶፕላዝም የያዙ በቆሎዎች በቅጠል አድርቅ ክፉኛ እንደሚጠቁ ተመራማሪዎች ጽፈው ነበር፤ የዚያ አገር ሁኔታ ያመጣው ነው ተብሎ ታለፈ። በ1960ዎቹ መጨረሻም ፊሎስቲክታ የሚባል ሌላ ፈንገስ በሰሜናዊ ክፍለ ግዛቶች እነዚህኑ በቆሎዎች መርጦ ማጥቃት ጀምሮ ነበር። ከዚያ በ1970 መጀመሪያ ላይ «ቲ» የተባለው የባይፖላሪስ ዘር ደቡብ ፍሎሪዳ ውስጥ ታየ። ነባሩ ዘር በቅጠል ሲወሰን፣ ይኼኛው አገዳውን፣ የበቆሎውን ራስ ልባስና ፍሬውን ጭምር ያበሰብስ ነበር። ሞቃትና እርጥብ አየር ካገኘ አንድ ስፖር ቅጠል ላይ አርፎ፣ በቅሎ፣ ቁስል ፈጥሮ፣ አዲስ ስፖር እስኪያፈራ የሚፈጅበት ከሦስት ቀን አይበልጥም። ነፋስ ሲያነሳው ቀጥሎ የሚያርፍበት ማሳም ያችው እናት ያለችበት ነው። በክረምቱ አጋማሽ ላይ ኢሊኖይንና ኢንዲያናን አጥለቅልቆ ነበር።

የበሽታው ሳይንስ የተፈታው ዘግይቶ ነው፤ በእኔ ግምት በዕፅዋት በሽታ ጥናት ውስጥ እንደዚህ ጥርት ብሎ የተብራራ ምሥጢር ጥቂት ነው። የቴክሳሱ በቆሎ ሚቶኮንድሪያ፣ ማለትም የሕዋሱ የኃይል ምንጭ፣ በሌላ በቆሎ ውስጥ የሌለ አንድ ዘረመል ይዟል፦ ቲ-ዩርፍ13። ይህን ዘረመል ማንም አላዳቀለውም። የሚቶኮንድሪያው ዲኤንኤ ተቆራርጦ ሲገጣጠም ከሌሎች ዘረመሎች ቁርጥራጭ በአጋጣሚ የተሰፋ ድሪቶ ነው። የሚያመነጨው 115 አሚኖ አሲዶች ያሉት ትንሽ ፕሮቲን በሚቶኮንድሪያው ውስጠኛ ሽፋን ላይ ይተከላል። ብናኝ የሚሠራበት ሰዓት ሲደርስ የብናኙ ከረጢት ሕዋሳት በዚህ ምክንያት ይከሽፋሉ፤ መካንነቱ ይኸው ነው።

የ«ቲ» ፈንገስ ደግሞ ረጅም የካርቦን ሰንሰለት ያለው መርዝ ያመነጫል። መርዙ ያንን ፕሮቲን ሲያገኘው ተጣብቆ ሽፋኑን ይበሳዋል፤ ቀዳዳው ሲከፈት ሕዋሱ ኃይል ማምረት ያቆማል፣ ቅጠሉ ይሞታል፣ ፈንገሱም የሞተውን ይመገባል። ፕሮቲኑ የሌለው በቆሎ ላይ መርዙ ያን ያህል ጉልበት የለውም። ተመራማሪዎች ዘረመሉን አውጥተው ወደ ባክቴሪያ ሲያስገቡት፣ ከበቆሎ ጋር አንዳች ዝምድና የሌለው ባክቴሪያ በመርዙ የሚጠቃ ሆነ። ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ዘር አምራቹ ነቃይ እንዳይቀጥር ያስቻለው ፕሮቲንና ለፈንገሱ በር የከፈተው ፕሮቲን አንድ ናቸው። ከአባት የመጣው ሻሪ ዘረመል የፕሮቲኑን መጠን ስለሚቀንስ ብናኝ ይመለሳል፤ ለመርዙ መጋለጡ ግን አይሻርም። እናም የገበሬው ማሳ ለምለም ሆኖ፣ ብናኙን እየነዛ፣ ለበሽታው ክፍት ነበር።

መውጫው ፈጣን ነበር፤ የቴክሳሷን እናት መተው። በዚያው ክረምት ማብቂያ በሃዋይ፣ በፍሎሪዳና በአርጀንቲና መደበኛ ሳይቶፕላዝም ያለው ዘር እየተባዛ ለ1971 ተዘጋጀ፤ የዚያ ዓመት አየርም ለፈንገሱ አልተመቸም፤ አማካይ ምርቱም ወደ 55 ኩንታል ወጣ። ነቃዮቹ ወደ ማሳ ተመለሱ። የአገሪቱ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚም በ1972 የዋና ዋና ሰብሎችን የዘረመል ተጋላጭነት የሚመረምር ጥራዝ አወጣ።

ይህን ታሪክ የአሜሪካ ብቻ አድርጎ መዝጋት ይቀላል። በቆሎ ወደ አገራችን ሲገባ «የባሕር ማሽላ» እስኪባል ድረስ እንግዳ ነበር፤ ዛሬ በተዘራበት መሬት ስፋት ጤፍ ቢቀድመውም በምርት መጠን ከሁሉም ሰብል ይበልጣል። ለዚህ ካበቁት መካከል ባኮ ላይ ተዳቅሎ በ1993 የተለቀቀው ቢኤች-660 ዋነኛው ነው፤ በምዕራቡ ወይና ደጋ ላይ ለሁለት አሥርተ ዓመታት ያህል ነግሦ ኖሯል። ሲለቀቅ የነበረው የበሽታ መቋቋም ግን በጊዜ ብዛት ተሸረሸረ። ቱርሲከም የሚባለው ቅጠል አድርቅ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ የታየው ግራጫ የቅጠል ነጥብም ተጫኑት። ነሐሴ ላይ ማሳ ገብቶ ቅጠል የሚገልጥ ሰው ሁለቱን ይለያል፦ የቱርሲከሙ ቁስል እንደ ጀልባ ረዝሞ መሐሉ የሰፋ፣ ጫፍና ጫፉ የሾለ ነው፤ የግራጫው ነጥብ በቅጠሉ ሥሮች መካከል ታጥሮ በማስመሪያ የተሰመረ አራት ማዕዘን ይመስላል። ይኼኛው ከክረምት ክረምት የሚሻገረው ባልበሰበሰ የበቆሎ ቅሪት ላይ ነው። አፈር ለመጠበቅ ሲባል አገዳው ማሳ ላይ ይቅር የሚለው ምክርና የበሽታው ሳይንስ እዚህ ላይ ይጋጫሉ፤ ገበሬው አገዳውን ለከብት፣ ለማገዶና ለአጥር ማንሳቱ ያለ ጥናት ያገኘው መከላከያ ነው።

ቢኤች-660ን ለመተካት በ2011 ቢኤች-661 ተለቀቀ። በምርትም በጤንነትም ይሻላል፣ ገበሬውም በፍጥነት ተቀበለው። የዘር ሐረጋቸውን ሳነብ ግን የቴክሳሷ እናት ትዝ አለችኝ፤ የሁለቱም አባት አንድ ነው፦ ከኤኳዶር 573 የተገኘው 142-1-ኢ የተባለ መስመር። የቀድሞው እናቶች ከኬንያው ኪታሌ በቆሎ የወጡ ናቸው፤ የአዲሱ እናቶች ሌላ ናቸው። ስም ተለወጠ፣ እናት ተለወጠች፣ አባት ግን ቀጠለ። ይህ ጥፋት ነው አልልም። መስመሩ የተመረጠው ጥሩ ሆኖ ስለተገኘ ነው፤ በኒውክለስ ያለ፣ በብዙ ዘረመሎች የተሸከፈ መቋቋምም በአንድ የሚቶኮንድሪያ ፕሮቲን እንደተንጠለጠለ ዕጣ አይደለም። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማስፈራራት ሳይንስ አይሆንም።

ነገር ግን የምሥራቅ አፍሪካን ቅርብ ትዝታ እንይ። በ2011 ኬንያ ቦሜት ላይ ገዳይ የበቆሎ በሽታ ተነሣ፤ በ2014 በኢትዮጵያም ተረጋገጠ። ለየብቻቸው መጠነኛ ጉዳት የሚያደርሱ ሁለት ቫይረሶች በአንድ ተክል ላይ ሲገናኙ ቅጠሉ ከጠርዙ ይቢጫል፣ ከልቡ ይደርቃል፣ ራሱ ፍሬ ሳይዝ ቆረቆንዳ ብቻ ይሆናል። በኬንያ ናይቫሻ በተቋቋመው ጣቢያ በገበያ ላይ ያሉ ዝርያዎች በቫይረሶቹ ተበክለው ሲፈተሹ እጅግ አብዛኞቹ ተጋላጭ ሆነው ተገኙ። በስማቸው ብዙ ነበሩ፤ ቫይረሱ ሲፈትናቸው መልሳቸው አንድ ሆነ።

አንድ ዝርያ ሊለቀቅ ሲቀርብ ምርቱና ለየበሽታው ያገኘው ነጥብ በሠንጠረዥ ይቀመጣል። በዚያ ሠንጠረዥ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር፦ የዝርያው አባትና እናት ዛሬ በአገሪቱ ውስጥ በስንት ሄክታር ላይ አሉ? የዘር ሐረጉ በአዳቃዮቹ መዝገብ አለ፤ የተሠራጨው ዘርም በኩንታል ይታወቃል። ሁለቱን አገናኝቶ በየዓመቱ ማተም ላብራቶሪም፣ የውጭ ምንዛሪም አይጠይቅም።