ፈቃድ የማይጠየቅበት ውሃ

ከቱምና ከማጂ ከፍታ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል የወረደ ሰው ኦሞ ወንዝን ያገኛል። ወንዙ በየክረምቱ ሞልቶ ዳርቻውን ያጥለቀልቅ ነበር። ጎርፉ ሲሸሽ ሙርሲው፣ ቦዲው፣ ኛንጋቶሙና ዳሰነቹ በቀረው ደለል ላይ ማሽላ ይዘራ ነበር፤ በበጋ ከብቱም እዚያው ሣር ያገኝ ነበር።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 ከአንድ ክልል በላይ የሚያቋርጡ ወንዞችን ለፌዴራል መንግሥት ሰጠ። አንቀጽ 40 ደግሞ አርብቶ አደሩ ለግጦሽና ለእርሻ መሬት በነፃ እንዲያገኝ፣ ከመሬቱም እንዳይፈናቀል ደነገገ። መሬት ይላል እንጂ ጎርፍ አይልም።

በ1992 ዓ.ም የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ለባህላዊ መስኖና ለባህላዊ ከብት እርባታ ፈቃድ አያስፈልግም አለ። ሲያነቡት ለድሃው የታሰበለት ይመስላል። ነገር ግን ፈቃድ ያልተጠየቀ ሰው መዝገብ ላይም አይገኝም። ውሃው ሲደለደል “የእኔ ድርሻ ይህን ያህል ነው” ብሎ የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

ይህ በኦሞ የተጀመረ አይደለም። ቆቃ ግድብ በ1952 ሥራ ሲጀምር፣ በ1954 ደግሞ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ሲቋቋም፣ የአዋሽ ውሃና ዳርቻ ለሸንኮራና ለጥጥ እርሻ ዋለ። አፋሩ የበጋ ግጦሹን አጣ።

በኦሞም ታሪኩ ተደገመ። 243 ሜትር ከፍታ ያለውና 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጊቤ 3 ከ2007 ጀምሮ ውሃ ያዘ፣ በታኅሣሥ 2009 ተመረቀ። ከታች በኩል በ2003 የታወጀው የኩራዝ ስኳር ፕሮጀክት መስኖ ጠየቀ። ለአርሶ አደሩ በየዓመቱ ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንደሚለቀቅ በዕቅድ ተይዞ ነበር። ዕቅድ ግን መብት አይደለም፤ ሳይፈጸም ቢቀር የሚከሰስበት አንቀጽ የለም። በ2012 ክረምት መገባደጃ ላይ ደግሞ ኦሞ ሞልቶ በዳሰነች ብዙ ሰው አፈናቀለ። ያ ደለል የሚያለብሰው፣ ቀጠሮ አክባሪው ጎርፍ አልነበረም።

አገሪቱ መብራት ያስፈልጋታል፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ጥያቄው ውሃ የሚለቀቅበትን ቀን ማን ይወስናል የሚለው ነው። ኦሞ ክልሎችን የሚያዋስን ወንዝ ነው። ቱም ያለ የወረዳ ሹም የግድብ በር ማስከፈት አይችልም፤ ሥልጣኑ ያለው አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ የጎርፍ ሽሽ እርሻና የወንዝ ዳር ግጦሽ በፌዴራሉ ሕግ በስማቸው ተጠርተው እንደ ውሃ ተጠቃሚ ይመዝገቡ። ፈቃድ አለመጠየቅ ጥሩ ነው፤ ሳይጠየቁ መወሰድን ግን አይከለክልም።