ለትምህርት ቤት የተከፈለው ግብር

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ግብር ነው። «ግብር ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» አትበሉ። ነገሩ ትምህርት ቤት በማን ገንዘብ ተሠራ፣ ማንስ ተማረበት ብሎ መጠየቅ ነው።

ዲጋ ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ነቀምቴ ደግሞ ለትምህርት እንግዳ አይደለችም። በ1890ዎቹ መጨረሻ ኦነሲሞስ ነሲብ ወደ ወለጋ ተመልሶ በነቀምቴ በኦሮምኛ ያስተምር ነበር፤ ደጃዝማች ኩምሳ ሞሮዳም ደግፈውታል። ይሁን እንጂ ያ ትምህርት በሚስዮንና በገዢው ፈቃድ የቆመ እንጂ በሕዝብ ግብር የቆመ አልነበረም።

ግብሩ የመጣው ኋላ ነው። በ1937 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ተከፈለ። ወለጋን ጨምሮ በብዙ ጠቅላይ ግዛቶች ለተለካ አንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር ግብር፣ 35 ብር ደግሞ በአሥራት ምትክ ይከፈል ጀመር። በ1940 ዓ.ም. በዚህ ላይ የትምህርት ግብር ተጨመረ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ከየጠቅላይ ግዛቱ የተሰበሰበው ገንዘብ በዚያው ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል፣ የትምህርት ቦርድም እንዲቆጣጠረው ታሰበ።

ታዲያ ገበሬው «እሺ» ብሎ ነበር ወይ? አልተጠየቀም። ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት ያን ጊዜ ገና አልነበረም። የመጀመሪያው የሕዝብ እንደራሴዎች ምርጫ የተደረገው በ1950 ዓ.ም. መባቻ ነው። ሌላም ነገር አለ። በሕጉ ከፋዩ ባለመሬቱ ነው፤ በተግባር ግን ብዙው ባለመሬት ሸክሙን ወደ ጭሰኛው አዞረው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ በአብዛኛው የሚሠራው በከተማ ነበር። እስቲ አስቡት! የገጠሩ ጭሰኛ ይከፍላል፣ ልጁ ግን ከብት ይጠብቃል። ማንበብ ስለማይችልም በደረሰኙ ላይ የተጻፈውን አያውቅም።

በሌላ አገር እንዴት ነው? በአሜሪካ በማሳቹሴትስ በ1647 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ 50 ቤተሰብ ያለበት መንደር ሁሉ የንባብና የጽሕፈት መምህር እንዲቀጥር ያዝዝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በብዙ ስፍራ ነዋሪው ለትምህርት ቤቱ በቤቱና በመሬቱ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ በድምፁ ይወስናል። ይህም ቢሆን ጉድለት አለው፤ ሀብታም መንደር ጥሩ ትምህርት ቤት ይኖረዋል፣ ድኻ መንደር ይጎድልበታል።

የእኛም ሕዝብ ግን ሲጠየቅ እምቢ የሚል አልነበረም። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር አባሎቹን አስተባብሮ ለትምህርት ቤት፣ ለመንገድና ለጤና ጣቢያ መዋጮ ይሰበስብ ነበር። ከመሪዎቹ አንዱ ጄኔራል ታደሰ ብሩ የፊደል ሠራዊትንም መርተዋል። ማኅበሩ ብዙ ሳይቆይ ታገደ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት ግን አልታገደም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን የባለመሬቱ ግብር ቀረ። በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርም ገበሬው እንጨት ተሸክሞ፣ ሣር አጭዶ፣ በደቦ የመማሪያ ዳስ ሠራ። ያንን ዳስ በዓይኑ ያየው ነበር፤ የከፈለው ጉልበት የት እንደዋለ አልጠፋውም።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ጥር ስለ ንብረት ግብር አዲስ አዋጅ ጸድቋል፤ ክልሎችና ከተሞች በቤትና በቦታ ይዞታ ላይ ግብር እንዲሰበስቡ ያስችላል። ስለዚህ ቤት ያላችሁ ሁሉ ሦስት ነገር ጠይቁ። ስንት ነው? ማን ወሰነው? ለምን ሥራ ዋለ? በቀበሌው ስብሰባ ላይ ተገኙ፤ ሒሳቡ እንዲነበብ አድርጉ፤ ደረሰኙን ራሳችሁ አንብቡት። ያ የቀድሞው ጭሰኛ ይህን ማድረግ አልቻለም፤ ፊደል አልነበረውም። እናንተ ግን ይኸው እያነበባችሁ ነው።