ከወንጌል ኅዳግ እስከ መመረቂያ ጽሑፍ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። የባንክ ሠራተኛ ነኝና ይህን ብሂል የምቀበለው በግማሽ ልቤ ነው። ፊርማና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ቀኑን ሙሉ በእጄ ያልፋል፤ የአገልግሎት ዘመኑ ሲያበቃ ወዴት እንደሚሄድም አውቃለሁ። የተጻፈ ሁሉ አይወረስም። የሚወረሰው፣ ጥቅሙ አበቃ ከተባለ በኋላ «ይቀመጥ» የሚል ሰው ያገኘ ጽሑፍ ብቻ ነው።

በአገራችን ይህን ሥራዬ ብለው ከያዙት ቤቶች አንዱ በስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ነው። ጅማሬው ግን ከተቋሙ ይቀድማል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ በኋላ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ ኢትዮጵያን የሚመለከት ጽሑፍና ቅርስ ለብቻው ያሰባስቡ ጀመር። በዚያው ዘመን የኮሌጁ ተማሪዎች ማኅበር አቋቁመው የየትውልድ አገራቸውን ልማድ እየጻፉ በመጽሔት ያወጡ ነበር። የአካባቢ ታሪክ ስብስቡ ዘር የተዘራው ያን ጊዜ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ስብስቡ ያረፈበት ግቢም የራሱ ታሪክ አለው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለው በዚሁ በገነተ ልዑል ግቢ ነው። በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሹማምንት የተረሸኑትም እዚያው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ በኋላ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። በ1955 ዓ.ም. ተቋሙ ሲመሠረት ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ፤ ኾይናትስኪም ከኮሌጅ የጀመሩትን ሥራ በአዲሱ ቤት ቀጠሉ። በነገሥታት አዳራሽ የባላገር ወረቀት ቦታ አገኘ።

ብዙ ሰው ስለዚህ ስብስብ ሲያነሣ የብራና መጻሕፍቱን ያስባል። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን በብራናው ኅዳግ ላይ የሰፈረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር ዶናልድ ክረሚ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት እየተዘዋወሩ፣ በወንጌልና በሌሎች መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የተጻፉ የመሬት ውሎችን በማይክሮፊልም አነሡ። እገሌ ለእገሌ መሬት ሸጠ፤ ዋጋው ይህን ያህል ወርቅ ነው፤ ዋሱ እገሌ፣ ምስክሮቹ እነ እገሌ ናቸው፤ ይህን ያፈረሰ የተወገዘ ይሁን። ሴቶችም በዚያ መዝገብ ገዥና ሻጭ፣ ተከራካሪና ወራሽ ሆነው ይገኛሉ። አባቶች ውሉን በወንጌል ላይ ያሰፈሩት ከወንጌል የታመነ መዝገብ ቤት ስላልነበራቸው ነው። ማን ደፍሮ ይፍቀው? ማንስ ያቃጥለው? ዋስና ምስክር ስጽፍ ለምውል ለእኔ፣ እነዚያ ጸሐፍት የሙያ አባቶቼ ናቸው።

ሌላው ሀብት ደግሞ ግርማ ሞገስ የሌለው፣ በጽሕፈት መኪና የተመታ ወረቀት ነው። የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ መመረቂያቸውን ለመጻፍ ወደየትውልድ ቀያቸው እየተመለሱ ሽማግሌ ጠየቁ። ከተማው እንዴት ተቆረቆረ? ገበያው በምን ቀን ይውል ነበር? ግብሩን ማን ይሰበስብ ነበር? በጽሑፉ መጨረሻም የነጋሪዎቹን ስም፣ ዕድሜና የተጠየቁበትን ቀን መዘገቡ።

እስቲ እንደ ባንክ ሠራተኛ ላስላው። በ1965 ዓ.ም. የ80 ዓመት ሽማግሌ የነበረ ሰው የተወለደው በ1885 ነው። አድዋ ሲዘመት የ3 ዓመት ሕፃን፣ ማይጨው ሲዘመት የ43 ዓመት ጎልማሳ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ያንን ሰው ማንም አይጠይቀውም። ለአንድ የሃያ ዓመት ወጣት ያወጋው ወግ፣ ምናልባት ሌላ ቦታ ሳይጻፍ፣ በዚያ ጥራዝ ብቻ ቀርቶ ይሆናል። የተማሪ ሥራ ነውና ጉድለት አያጣም፤ ቢሆንም ባሕሩ ዘውዴን የመሰሉ አንጋፋ የታሪክ ጸሐፊዎች በእነዚህ ጽሑፎች ተጠቅመዋል።

አንድ ነገር ግን ያሳዝነኛል። ሽማግሌዎቹ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎችም ቋንቋዎቻችን ያወጉት በእንግሊዝኛ ተጽፎ ተቀመጠ። የተናጋሪው የልጅ ልጅ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ቢዘልቅ የአያቱን ስም ያገኛል፤ የአያቱን አነጋገር ግን አያገኝም። ወርቁ ተቀምጦልናል፤ ሰሙ ቀልጧል። ስለዚህ እነዚህን ጽሑፎች ወደየቋንቋቸው መመለስ፣ ለየተጻፈባቸውም ከተሞች ማዳረስ፣ ከማስቀመጥ ቀጥሎ የሚመጣ ዕዳ ነው እላለሁ።

ዕዳው የምሁራን ብቻ አይደለም። አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ሣጥን የአያትህ የግብር ደረሰኝ፣ የዕድር መዝገብ ወይም የጋብቻ ውል ይኖር ይሆናል። ለቤት ጽዳት ሲወጣ ለእሳት ማቀጣጠያ አትስጠው። ቀኑንና የባለቤቱን ስም በሌላ ወረቀት ጽፈህ አብረህ አስቀምጠው፤ ማን እንደሆነ የሚነግሩህ አዛውንት ሳያልፉ ጠይቃቸው።