የእንቁጣጣሽ ሥዕል

የእንቁጣጣሽ ሥዕል ልጆች፣ በተለይ ወንዶች፣ በእጃቸው ሠርተው መስከረም 1 ቀን ጠዋት ለቤተ ዘመድና ለጎረቤት የሚያበረክቱት የመልካም ምኞት ካርድ ነው። ሥራው ከበዓሉ ቀናት ቀደም ብሎ ይጀመራል። ነጭ ወረቀት ላይ አደይ አበባ፣ ፀሐይ ወይም መልአክ በእርሳስ ይነደፋል፤ ከዚያም በከለር ይቀባል፣ ዳር ዳሩ በሐረግ ይከበባል፣ «እንኳን አደረሳችሁ» ተብሎም ይጻፍበታል። ሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ነገር ስለሚሥል ፈጠራ የለበትም የሚሉ አሉ። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንም የሚሠሩት አስቀድሞ በተወሰነ ርእስ ላይ ነው፤ ችሎታቸው የሚለየው በመስመሩና በቀለሙ ነው። ለየቤቱ አንዱን አበባ ደጋግሞ የሚሥል ልጅም እጁ የሚፈታው በዚሁ ድግግሞሽ ነው።

ልጆቹ የሚሥሉት ለሳንቲም ነው የሚለው ወቀሳ ከፊል እውነት አለው። ሆኖም ገንዘቡ ለስጦታ የተመለሰ ስጦታ ነው፤ አበባየሆሽ ለሚጨፍሩት ልጃገረዶችም የሚሰጠው እንዲሁ ነው። ይበልጥ የሚያሳስበው በእጅ ሥዕሉ ፈንታ የሚሰጠው የታተመ ካርድና ፎቶ ኮፒ ነው። በ1843 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ሄንሪ ኮል የተባለ ሰው ሠዓሊውን ጆን ሆርስሊን አሥሎ የገና ካርድ ያሳተመው ለእያንዳንዱ ወዳጁ ደብዳቤ የሚጽፍበት ጊዜ ስላጠረው ነበር። ኅትመት የላኪውን ጊዜ ይቆጥባል፤ የልጁ ሥዕል ዋጋው ግን የፈሰሰበት ጊዜ ራሱ ነው። ስለዚህ ተቀባዩ እጁን ወደ ኪሱ ከመስደዱ በፊት ሥዕሉን አስተውሎ ይመልከት፤ የሣለውንም ልጅ ስም ከጀርባው ያስጽፍ።