ቀማሽ፦ ሲርበን የግሱ ባለቤት ማን ነው?

በቶጎ ውጫሌ ተሻግሮ ሐርጌሳ የገባ አማርኛ ተናጋሪ በሶማልኛ «ራበኝ» ማለት ሲፈልግ «ጋጆ ባ ኢ ሃይሳ» ይላል። «ጋጆ» ረሃብ፣ «ኢ» እኔን፣ «ሃይሳ» ይዛለች፤ «ባ» ደግሞ ረሃብን ነጥሎ ያጎላል። «ረሃብ ይዛኛለች» እንደማለት ነው። በሶማልኛ ረሃብ ሴት ናት። ጥም ግን ወንድ ስለሆነ ግሱ «ሃያ» ይሆናል።

የኛም «ራበኝ» ከዚህ አይርቅም። «በላሁ» ስንል «ሁ» ባለቤቱ ነው፤ የ«ራበኝ» «ኝ» ግን የ«መታኝ»ን «ኝ» ይመስላል። የተራበው ሰው ምንም አላደረገም፤ ደረሰበት እንጂ።

የሥነ ልሳን ሰዎች ስሜት የሚደርስበትን ሰው «ኤክስፒሪየንሰር» ይሉታል። በአማርኛ «ቀማሽ» ብንለው እመርጣለሁ። «ተቀባይ» ስጦታ ለሚሰጠው ሰው ተይዟል፤ «ተሰሚ» ደግሞ የአገር ሽማግሌ ያስመስለዋል። «ገፈት ቀማሽ» የሚለው አነጋገራችን ሳይሻ የደረሰበትን ሰው ከነሕመሙ ይዞልናል።

በሕንድ-አውሮፓዊ ቋንቋዎች የቀማሽ ቦታ ከዘመን ዘመን ተቀያይሯል። ሂንዲ ዛሬም «ረሃብ ነክታኛለች» ይላል፤ እዚያም ረሃብ ሴት ናት። ጀርመንኛ የበረደውን ሰው «ለእኔ ብርድ ነው» ያሰኛል። የጥንቱ እንግሊዝኛም «ራበኝ» ባይ ነበር። ዴንማርካዊው ኦቶ የስፐርሰን ለውጡን ያሳየው በአንዲት አረፍተ ነገር ነው፦ «ንጉሡን ደስ አሰኙት ፍሬዎቹ»። ባለቤቶቹ ፍሬዎቹ ናቸው። በኋላ ንጉሡ ተሳቢ መሆኑን የሚያሳየው ምልክት ጠፋ፤ የግሱ የብዙ ቁጥር መድረሻም ረገፈ። ከግሱ በፊት የሚቆም ሁሉ ባለቤት ነው ተባለና የቃላቱ ቅደም ተከተል ሳይነካ ትርጉሙ «ንጉሡ ፍሬዎቹን ወደደ» ሆኖ አረፈው። ንጉሡ ከቀማሽነት ወደ ባለቤትነት የተሾመው እንዲህ ነው።

ሁሉም ቋንቋ በዚህ መንገድ ይሄዳል እንዳይባል ግን ግእዝ አለ። ግእዝ «ርኅብኩ»፣ «ጸማእኩ» ይላል፤ የተራበውም የጠማውም ራሱ ባለቤት ነው። ዘመዱ አማርኛ ግን ያንኑ ሰው ወደ «ራበኝ»ና «ጠማኝ» አወረደው፤ የእንግሊዝኛ ተቃራኒ። እንደ ሶማልኛ ካሉ የኩሽ ቋንቋዎች ጋር የኖርነው ጉርብትና በዚህ ድርሻ ይኖረዋል ብዬ እጠረጥራለሁ።

የባለቤትነቱ መንገድም ጨርሶ አልተዘጋም። ምሳ ያለፈበት ሰው «ራበኝ» ይላል። ድርቅ ሲመጣ ግን «ሕዝቡ ተራበ» እንላለን፤ ባለቤቱም ሕዝቡ ነው።