የኤሌክትሪክ ጊታር የመሬት ሽቦ

የመሬት ሽቦ (በሠራተኞች አነጋገር ኧርዝ ወይም ግራውንድ) የአምፕሊፋየሩን ብረት አካል ከመሬት ጋር የሚያገናኝ መስመር ነው። በአብዛኞቹ ኤሌክትሪክ ጊታሮች ክሮቹ ራሳቸው፣ በድልድዩ ሥር ባለች ቀጭን ሽቦና በገመዱ የውጭ መጠቅለያ በኩል፣ ከዚሁ አካል ጋር የተያያዙ ናቸው። ይህ ከአምፕሊፋየሩ የሚሰማውን የሚረብሽ እምምታ ይቀንሳል። ነገር ግን የመሬቱ መስመር ተቋርጦ ኮረንቲ ያለበት ሽቦ አካሉን ቢነካ፣ 220 ቮልት እስከ ተጫዋቹ ጣቶች ይደርሳል። በዚያው ቅጽበት ማይክሮፎን በከንፈሩ ከነካ ጅረቱ በደረቱ ያልፋል። የያርድበርድስ የሙዚቃ ባንድ ድምፃዊ የነበረው ኪት ሬልፍ እ.ኤ.አ. በ1976 እንግሊዝ አገር በገዛ ቤቱ ጊታር ሲጫወት ኮረንቲ ይዞት ሞቷል።

እምምታውን ለማጥፋት ብሎ የመሰኪያውን የመሬት እግር መቁረጥ ወይም በባለ ሁለት እግር አዳፕተር ማለፍ ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ ከድምፅ ጥራት ሕይወት ይቀድማል። ሶኬቱ የመሬት መገናኛ ስላለው ብቻም ከኋላው ሽቦ ተዘርግቷል ማለት አይደለም። በአሮጌ ቤቶች ባዶ ሆኖ ይገኛልና በባለሙያ ይለካ። 30 ሚሊአምፔር ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ ብሬከር ማስገባት ትልቅ ጥበቃ ነው። የጊታሩና የማይክሮፎኑ አምፕሊፋየሮች በአንድ ማከፋፈያ ላይ ይሰኩ፤ እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግር አይቆም።

ኮረንቲ የያዘውን ሰው ከመንካት በፊት መብራቱ ይጥፋ። የቲዩብ አምፕሊፋየር ደግሞ ከተነቀለም በኋላ በካፓሲተሮቹ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ሊያቆይ ስለሚችል በቤት አይከፈትም።