የዳላሱ የኮምፒውተር መደብርና መንገድ የቀሩት ቼኮች

በዳላስና በፎርት ወርዝ አካባቢ ከሃያ ዓመት በላይ የኖረ ኢትዮጵያዊ ኮምፕዩኤስኤ ይባል የነበረውን መደብር ሳያስታውስ አይቀርም። ለልጁ ትምህርት፣ ለማታ ኮሌጁ ወይም አዲስ አበባ ላለ ዘመዱ ኮምፒውተር የፈለገ ሰው ጎራ ከሚልባቸው ቤቶች አንዱ ነበር። ዛሬ መደብሩ የለም። የተከሰሰበት ጉዳይ ግን ማስታወቂያ አይቶ ዕቃ የሚገዛ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው።

ኮምፒውተር ለዚህ አካባቢ እንግዳ አልነበረም። የፎርት ወርዙ ታንዲ ኩባንያ ቲ አር ኤስ 80 የተባለውን የቤት ኮምፒውተር በሬዲዮ ሻክ ሱቆቹ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ኮምፕዩኤስኤ ደግሞ በ1984 ሶፍት ዌርሃውስ በሚል ስም በዳላስ ዳርቻ ተቋቋመ። በ1991 ስሙን ለወጠ፤ በ1998 የታንዲን የኮምፒውተር ሲቲ መደብሮች ጠቀለለ፤ በ2000 ደግሞ ራሱ በሜክሲኮው ባለጸጋ በካርሎስ ስሊም ኩባንያ ተገዛ።

በዚያን ዘመን የኮምፒውተር ዕቃ ዋነኛ ማባበያ ሪቤት ነበር። በማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው «ከሪቤት በኋላ» የሚኖረው ዋጋ ነው። ገዢው ግን ሂሳብ መክፈያው ዘንድ ሲደርስ ሙሉውን ይከፍላል። ልዩነቱን ለማስመለስ ከካርቶኑ ላይ ባርኮዱን በመቀስ ቆርጦ፣ ደረሰኙን አያይዞ፣ ቅጹን ሞልቶ በፖስታ ይልክና ቼኩን ለሳምንታት ይጠብቃል። ወረቀቱን ከነጭራሹ የማይልክ፣ ቀኑ የሚያልፍበት ወይም ባርኮዱን ከካርቶኑ ጋር የሚጥል ገዢ ብዙ መሆኑን ነጋዴው አስቀድሞ ያውቃል፤ ሂሳቡንም የሚሠራው ይህንኑ አስቦ ነው። ሣሩን አጉልቶ ገደሉን በደቃቅ ፊደል የሚጽፍ አሠራር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2001 የፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 5 ዶላር ከ15 ሳንቲም ስለነበር፣ በዚህ ደመወዝ ፓርኪንግ ለሚሠራ ሰው የ50 ዶላር ሪቤት ማለት የአሥር ሰዓት ያህል ድካም ነው።

ኪው ፒ ኤስ የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ የሲዲ መቅጃና መሰል ዕቃዎችን ይሠራ ነበር። ኮምፕዩኤስኤ ዕቃዎቹን ከነሪቤታቸው እያስተዋወቀ ሸጠ። ገዢዎች የታዘዙትን ሁሉ አሟልተው ላኩ። ቼኩ ግን ለአንዳንዱ ለወራት ዘገየ፤ ለብዙዎች ጭራሽ አልመጣም። በ2002 ኪው ፒ ኤስ ከሰረ።

ለመሆኑ ከዚህ በኋላ ማን ይጠየቃል? የተለመደው መልስ «ሪቤቱ የአምራቹ ነው፤ እኛ ዕቃውን ብቻ ነው የሸጥነው» የሚል ነበር። የፌዴራሉ ንግድ ኮሚሽን ግን ይህንን አልተቀበለም። መደብሩ ቼኮቹ አለመድረሳቸውን የሚገልጽ አቤቱታ እየጎረፈለት ማስታወቂያውን ማውጣቱን ቀጥሏል፣ የራሱን ምርቶች ሪቤትም በወቅቱ አልከፈለም ሲል ከሰሰው። ጉዳዩ በመጋቢት 2005 በስምምነት አለቀ። ኮምፕዩኤስኤ ኪው ፒ ኤስ ሳይከፍል የቀረውን ሪቤት መብቱ ላላቸው ገዢዎች እንዲከፍል፣ ወደፊትም ሪቤትን በተባለው ጊዜ እንዲከፍል ታዘዘ። ቃሉን የሰጠው አምራቹ ቢሆንም፣ ቃሉን በጋዜጣ ያስነገረውና ሽያጩን ያገኘው መደብሩ ስለነበር ዕዳው ወደ እሱ ዞረ።

ጊዜውም ያዘው እንጂ አልተረፈም ነበር። ኮምፕዩኤስኤ በየካቲት 2007 ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ማለትም 126 መደብሮቹን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የቀሩትም ተራ ደረሰ። በ2008 መጀመሪያ የንግድ ስሙ ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ። ስምምነቱ ሦስት ዓመት ቢዘገይ ኖሮ ገዢው በሁለት የተዘጉ በሮች መካከል በቆመ።

እንዲህ ያለው ካሣ ሁልጊዜ ገንዘብ ሆኖ እንደማይመጣም መታወቅ አለበት። ከዚያ ቀደም ባሉት ዓመታት የኮምፒውተር ስክሪን ማስታወቂያ 15 ኢንች ይልና፣ በሜትር ሲለካ ዓይን የሚያየው ክፍል 14 ኢንች እንኳ አይሞላም ነበር፤ የቀረው በፕላስቲኩ ጠርዝ ተሸፍኗል። በዚህ ሳቢያ ካሊፎርኒያ ውስጥ በተደረገው የጋራ ክስ ስምምነት ለገዢው የተደረሰለት ሌላ ስክሪን ሲገዛ የሚቀነስለት 13 ዶላር ወይም 6 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማስታወቂያዎች የሚታየውን መጠን ለብቻው መጻፍ ጀመሩ። ከስድስቱ ዶላር ይልቅ የጠቀመው ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ቴክሳስ ነዋሪ የሆነ ሰው ግን ዋሽንግተንን ወይም ካሊፎርኒያን መጠበቅ አይኖርበትም። ግዛቱ በ1973 ያወጣው አታላይ የንግድ አሠራሮችንና የሸማቾችን ጥበቃ የሚመለከት ሕግ፣ በሐሰተኛ ማስታወቂያ የተጎዳ ገዢ ራሱ እንዲከስ ይፈቅዳል። ሕጉ በ1995 ቢላላም፣ ሻጩ ሆነ ብሎ ማታለሉ ከተረጋገጠ እስከ ኪሣራው ሦስት እጥፍ ሊፈረድበት ይችላል። በአንጻሩ መሠረት የሌለው ክስ በክፋት ያቀረበ ገዢ የሻጩን የጠበቃ ወጪ ሊከፍል ይችላል። ከክሱ 60 ቀን በፊት ቅሬታውንና የሚጠየቀውን ገንዘብ ገልጾ ለሻጩ በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጉዳይ የሚያልቀውም በዚሁ ደብዳቤ ነው። ካላለቀ እስከ 20,000 ዶላር የሚደርሰውን፣ ከመስከረም 2020 ጀምሮ ጣሪያው ይኸው ስለሆነ፣ ጀስቲስ ኮርት የሚባለው አነስተኛ ፍርድ ቤት ያየዋል፤ ጠበቃ ማቆምም ግዴታ አይደለም። የክሱ ጊዜ በጥቅሉ ሁለት ዓመት ነው። ማስታወቂያው ከነቀኑ፣ ደረሰኙና የተላከው ደብዳቤ ቅጂ አብረው መቅረብ አለባቸው።